በባዶ ገንዳ የተዘጋጀችው ዋናተኛ እገዳ ይነሣ ዘንድ

ቀን፦ ሰኔ 5 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለውሃ ስፖርቶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በልጅ ልጄ ላይ «የልብ ድካም አለባት» በሚል የተጣለው የዕድሜ ልክ እገዳ እንዲሰረዝና ጥፋቱ በትክክለኛው ባለቤቱ ስም እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ሠላሳ አራት ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር ቆይቼ ጡረታ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ላለፉት ሰባት ዓመታት የሐይቅ ዳሯን ከተማችንን የዋና ቡድን በበጎ ፈቃድ አሠለጥናለሁ። ነገሩን በተራ ቁጥር የማቀርበው ልማድ ስለሆነብኝ ነው። ደግሞም የጎደለ ነገር ካለ የቱ ጋ እንደጎደለ ለአንባቢው በቀላሉ እንዲታየው ብዬ ነው።

1. እገዳ የተጣለባት ዋናተኛ የሴት ልጄ ልጅ ናት። የቡድኑ ልጆች ዳክዬ ይሏታል። ስሙ የወጣላት በዋና ጎበዝ ስለሆነች አይደለም። በሕፃንነቷ እግሯን ወደ ውጭ ከፍታ ስለምትራመድ ሊያበሽቋት ያወጡት ነው። እሷ ግን ዳክዬዋን በዋና ልብሷ ላይ አስጠልፋ መጣች፤ ያበሽቋት የነበሩትም ዝም አሉ። ሐምሌ 9 ቀን አሥራ ስምንት ዓመት ይሞላታል። የስፖርት ማሠልጠኛው ተቋም አሥራ ስምንት ዓመት የሞላውን ሰው አይቀበልም፤ የዘንድሮ ምዝገባውም ሰኔ 23 ቀን ይዘጋል። እገዳው ካልተነሣ ልትመዘገብ አትችልም። ሌላ ዓመት ደግሞ የላትም። ይህ ማመልከቻ ጠረጴዛ ላይ የሚያድርበት እያንዳንዱ ቀን የሚቀነሰው ከእሷ ላይ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የቀሩት አሥራ ስምንት ቀናት ናቸው።

2. የዘንድሮው የወጣቶች ውድድር የተካሄደበት ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,900 ሜትር ላይ ይገኛል። የእኛ ከተማ 300 ሜትር ላይ ናት። እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው አየር እኛ ከለመድነው ከአሥር እጅ ሰባት ያህሉ ብቻ ነው። ይህንንም ከመነሣታችን በፊት ለልጆቹ በሰሌዳ ላይ ሠርቼ አሳይቻቸዋለሁ። ሰውነታቸው እንዲለምድ ቀደም ብለን እንድንሄድና ገንዳውን እንድንጠቀም በመጋቢት ወር አመልክቼ፣ ጽሕፈት ቤትዎ «ገንዳው በየቀኑ ለሁለት ሰዓት ይፈቀድላቸዋል» ሲል በደብዳቤ ፈቅዶልናል (አባሪ 1)። ስለዚህ ደብዳቤ በወቅቱ አመስግኛለሁ። ምስጋናዬን መልሼ አልወሰድኩትም፤ ደብዳቤውን ብቻ ደግመው እንዲያነቡት እለምናለሁ።

3. ሚያዝያ 24 ቀን ስድስት ዋናተኞች ይዤ ደረስኩ። ገንዳው ባዶ ነበር። ግድግዳው በአዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፣ የመስመሮቹ ጥቁር ምልክት ገና ይሸታል፣ መውረጃው መሰላል ወደ ደረቅ ወለል ይወርዳል፤ ከታች አንድ መጥረጊያ ተጋድሟል። የገንዳው ጠባቂ ከቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ የተጻፈለትን ትእዛዝ አውጥቶ አሳየኝ። «ውሃው ለውድድሩ ዕለት ንጹሕ ሆኖ እንዲገኝ ገንዳው እስከ ዋዜማው ሳይሞላ ይቆይ» ይላል (አባሪ 2)። ጠባቂው የጎማ ቦቲውን እንደተጫማ ቆሞ፣ ሳይስቅ፣ «ጋሼ፣ እኔም እኮ አሁን የምጠብቀው ጉድጓድ ነው» አለኝ።

4. ወደ ቅርንጫፉ የውድድር ክፍል ባለሙያ አምስት ጊዜ ሄጃለሁ። ሚያዝያ 25፣ 27 እና 30፣ ግንቦት 3 እና 7። ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበሩ አጠገብ ሦስት የብረት ወንበሮች አሉ፤ የመካከለኛው እግሩ ስለሚነቃነቅ የሚያውቅ ሰው አይቀመጥበትም። እኔም ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አልተቀመጥኩበትም። በመጀመሪያው ቀን ነገ ይምጡ ተባልኩ። በሁለተኛው ስብሰባ ነበር። በሦስተኛው ባለሙያው ተቀብለው አነጋገሩኝ፤ ሰውነት ከፍታን የሚለምደው በመተኛት እንደሆነ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን እዚያ ከተኛን እንደሚበቃን አስረዱኝ። ልጆቹ የመጡት ለእንቅልፍ ውድድር አለመሆኑን ስገልጽላቸው ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸው ነው። በአራተኛው ቀን፣ «አባቴ፣ አሁን ሞልተን ቢቆሽሽ በእንግዶቹ ፊት ማን ነው የሚያፍረው?» አሉኝ። በአምስተኛው ቀን መስክ ወጥተዋል ተባልኩ። ኮታቸው ወንበራቸው ላይ ተሰቅሎ፣ ሻያቸው ጠረጴዛው ላይ ይተን ነበር።

5. የውድድሩ ሪፖርት «ቡድኑ ለአሥራ ዘጠኝ ቀናት በስፍራው ልምምድ አድርጓል» ይላል። ስለዚህ ልምምዱ ምን እንደነበረ መጻፍ አለብኝ። ጠዋት ጠዋት እንሮጣለን። ከዚያ በልብስ መቀየሪያው ክፍል ስድስት አግዳሚ ወንበሮች ጎን ለጎን እንደረድራለን፤ ልጆቹ በሆዳቸው ይተኙባቸዋል። በየወንበሩ ጫፍ በርጩማ፣ በርጩማው ላይ ውሃ የሞላ የፕላስቲክ ሳፋ ይቀመጣል። ፊታቸውን ሳፋው ውስጥ ነክረው፣ በእጃቸው አየሩን እየቀዘፉ፣ እኔ በምቆጥረው ቁጥር አንገታቸውን ወደ ጎን አዙረው ይተነፍሳሉ። ሳፋዎቹን ያዋሰን ጠባቂው ነው። አንዱ ተሰንጥቆ ስለነበር በማስቲካ ደፈንነው።

መጀመሪያ ላይ ልጆቹ ይስቁ ነበር። አንደኛው ስንተኛ እንደሚወጣ ሲጠይቁት «በሳፋ አንደኛ» ይላል። ዳክዬ ደግሞ አንድ ቀን ፊቷን ከውሃው አውጥታ፣ «አባባ፣ በቃ ታጥቤያለሁ፤ አስጡኝ» ብላ ክፍሉን በሳቅ ሞላችው። በሁለተኛው ሳምንት የሚስቅ አልነበረም።

6. አሁን የራሴን ጥፋት እጽፋለሁ። ሪፖርቱም፣ የአጣሪ ኮሚቴው ቃለ ጉባኤም፣ የእገዳው ደብዳቤም ይህን አልያዙም፤ ያልያዙትም እኔ ስላልተናገርኩ ነው።

ዋናተኛ ለመተንፈስ አንገቱን ባዞረ ቁጥር ፍጥነቱ ጥቂት ይቀንሳል። ስለዚህ በከተማችን ሳለን ለልጅ ልጄ በየአራት ቀዘፋው አንድ ትንፋሽ ወስኜላት ነበር። በስምንት ወር ውስጥ በሁለት መቶ ሜትር ላይ ሁለት ሰኮንድ ከአራት ዐሥረኛ አሻሽላበታለች። ወደ ከፍታው ስንወጣ ትንፋሹን በየሁለት ቀዘፋው ለማድረግ አስቤ ነበር፤ ግን ሳልለካ መቀየር አልወድም። ውሃ ስላልነበረ በሳፋ ለካሁ። ፊቷን ሳፋ ውስጥ እንደነከረች በየአራቱ እየተነፈሰች ሦስት ደቂቃ ያለ ምንም ችግር ቆየች። አሥራ አራት ጊዜ ደጋገምኩት፤ አሥራ አራቱንም በደብተር መዘገብኩ። ከዚህም ተነሥቼ ለውጥ አያስፈልግም ብዬ ደመደምኩ።

ይህን ድምዳሜ ተማሪዬ ጽፎ ቢያመጣልኝ ዜሮ እሰጠው ነበር። ወንበር ላይ የተኛ ሰው እግሩ አይሠራም፣ እጁም ውሃ አይገፋም፤ ስለዚህ የሚፈልገው አየር ጥቂት ነው። እኔ የለካሁት የተኛችን ልጅ ነው፤ የወሰንኩት ግን ለምትዋኝ ልጅ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ «የተጠየቃችሁት ሌላ፣ የመለሳችሁት ሌላ» እያልኩ በቀይ እስክሪብቶ ስጽፍ የኖርኩት እኔ ነኝ። ግንቦት 6 ቀን በደብተሩ ላይ «በየአራት ቀዘፋው አንድ ትንፋሽ። ያለ አሠልጣኙ ፈቃድ አይቀየርም» ብዬ ጽፌ አስፈረምኳት። ገጹን ከነፊርማዋ አያይዣለሁ (አባሪ 3)።

7. ያስጠነቀቀኝ ሰው አልነበረም ማለት አልችልም። ግንቦት 8 ቀን ጠባቂው ኮሪደሩን ሲጠርግ በሩ ላይ ቆም ብሎ አየንና፣ «ጋሼ፣ እኔ እዚሁ ተወልጄ እንኳ ደረጃ የምወጣው አፌን ከፍቼ ነው። ለእነዚህ ልጆች አየር በቁጥር ነው እንዴ የሚሰጧቸው?» አለኝ። ነገሩ የስሌት ጉዳይ መሆኑን ነገርኩት። ይቅርታ ጠይቆኝ ወደ መጥረጊያው ተመለሰ። «እኔ ስለ ዋና የማውቀው ነገር የለም» ብሎ ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው፤ የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነበር።

8. ገንዳው የተሞላው በዋዜማው ግንቦት 12 ቀን ከቀኑ በአሥር ሰዓት ነው። ከሌሎች ሦስት ቡድኖች ጋር እየተጋፋን ሃያ ደቂቃ ተሰጠን። ልጅ ልጄ ሁለት ጊዜ ከጫፍ ጫፍ ዋኝታ ጠርዙን ይዛ ቆመችና፣ «አባባ፣ አየሩ አይበቃኝም። በየሁለቱ ላድርገው?» አለችኝ። እኔም የያዝኩትን ሰዓት እያየሁ፣ «ድንጋጤ ነው፤ ቁጥሩን ያዢ» አልኳት። ቀና ብዬ ፊቷን አላየሁም።

በማግስቱ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ሁለት መቶ ሜትር ነጻ ቀዘፋ ተወዳደረች። የገንዳው ርዝመት ሃያ አምስት ሜትር ስለሆነ ውድድሩ ስምንት ጊዜ ከጫፍ ጫፍ ነው። እስከ አራተኛው ከሁሉም በአንድ ሰው ቁመት ትቀድም ነበር። በስድስተኛው እጇ ከበደ። በሰባተኛው መካከል ላይ ሰጠመች። ለዚህ የተመደቡት ነፍስ አድን ሠራተኞች ከወንበራቸው እስኪነሡ ድረስ ጠባቂው ከነቦቲው ዘሎ ገባና አወጣት። ውሃ ተፍታ ዐይኗን ስትከፍት ከንፈሯ ዐመድ መስሎ ነበር። ፎጣ ሳለብሳት በዐይኗ ፈልጋ አገኘችኝና፣ «አባባ፣ ቁጥሩን አልለቀቅኩም» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የአንዱ ልጅ አባት በስልኩ የቀረጸውን ቪዲዮ አሥር ጊዜ ያህል አይቼዋለሁ። እውነቷን ነው። እስከሰጠመችበት ቦታ ድረስ በየአራት ቀዘፋው አንድ ትንፋሽ ወስዳለች፤ አንድም ጊዜ አላጓደለችም። ስልኩን ይዤ ቀርቤ ለማሳየት ዝግጁ ነኝ።

9. በስፍራው የነበረችው ነርስ ወዲያው የልቧን ምት ለክታ «ፈጣንና ያልተስተካከለ፤ ለዛሬ ትረፍ፣ ሆስፒታል ሄዳ ትመርመር» ብላ ጽፋለች። ትክክል ነው፤ በነርሷ ላይ ቅሬታ የለኝም። የውድድር ክፍሉ ሪፖርት ግን ሆስፒታሉን ሳይጠብቅ በማግስቱ «በተፈጥሮ የልብ ድካም ያለባት በመሆኑ» ይላል። ገንዳው አሥራ ስምንት ቀን ባዶ እንደነበር በሪፖርቱ ስድስት ገጾች ውስጥ አንድም ቦታ አልተጻፈም። የግድግዳው ቀለም ማማሩ ግን ተጽፏል። ለባዶው ገንዳ ተጠያቂ ከመፈለግ የአንዲት ልጅን ልብ መውቀስ ቀልሎ ተገኝቷል።

10. ግንቦት 21 ቀን አምስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ጠራን። እሷ ከፊታቸው ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላዋ ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ከስድስተኛው ዙር ጀምሮ እንዴት ትተነፍስ እንደነበር ጠየቋት። ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ እነሱ ተመልሳ «አላስታውስም» አለች። ጥያቄውን በሌላ መንገድ ደገሙት፤ እሷም መልሷን ደገመች። በሦስተኛውም እንዲሁ። ከአሠልጣኟ የተሰጣት መመሪያ እንደነበር ሲጠይቋትም አላስታውስም አለች።

ክቡር ኃላፊ፣ ይህች ልጅ ከሰጠመች በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ምን እንደነበር ከላይ ጽፌያለሁ። ሁሉንም ታስታውሳለች። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረው የምጨምረው ነገር እንዳለ ሲጠይቁኝ የለኝም አልኩ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ነበር፤ ለመናገር የተነሣሁ መስሎኝም ነበር። የወጣው ግን «የለኝም» የሚለው ቃል ነው።

ቃለ ጉባኤው «የመርሳት ምልክትም ታይቶባታል» ብሎ ይዘጋል። አያቷን ልታድን የተናገረችው ውሸት ሁለተኛ በሽታ ሆኖ ተጻፈባት።

11. ግንቦት 24 ቀን የዕድሜ ልክ እገዳው ደብዳቤ ደረሰኝ። ግንቦት 29 ቀን ወደ ልብ ሐኪም ወሰድኳት። ተኝታም፣ በመሮጫ ማሽን ላይ ሮጣም ልቧ ተመረመረ። ሐኪሙ ውጤቱን አይተው ከእኔም ከእሳቸውም ልብ የእሷ እንደሚሻል እየቀለዱ ነገሩኝና፣ ምንም ዓይነት የልብ ሕመም እንደሌለባት፣ መወዳደርም እንደምትችል ጻፉ (አባሪ 4)። ሰኔ 1 ቀን ማስረጃውን ይዤ ጽሕፈት ቤትዎ ቀረብኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ማስረጃውን መቀበል የሚችለው ኮሚቴው ብቻ እንደሆነ፣ ኮሚቴው ደግሞ ለውድድሩ ብቻ የተቋቋመ ስለነበር መፍረሱን ነገረችኝ። ኮሚቴው ፈርሷል፤ ውሳኔው ግን አልፈረሰም። ይህንኑ ስላት አዝና፣ «አባባ፣ እርስዎም ይረፉ፤ ልጅቷ በሕይወት አለች አይደል?» አለችኝ። በቅንነት ነው የተናገረችው። አዎ፣ በሕይወት አለች። ጠዋት በልምምድ ሰዓቷ ትነሣና የዋና ቦርሳዋን ሳትነካ አልጋዋ ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላለማለፍ ወደ ትምህርት ቤት በገበያው ዞራ ትሄዳለች። በሕይወት መኖር ማለት ይህ ከሆነ መዝገብ ቤቱ ትክክል ነው።

12. ለምን እስከ ዛሬ እንደዘገየሁ ቢጠየቅ መልሴ አጭር ነው፤ ፈርቼ ነው። ሰው የሚያከብረኝ አልሳሳትም በሚል ነው፤ እኔም ራሴን የማከብረው በዚያው ነው። እናቷ፣ ልጄ፣ በልብስ ንጽሕና ቤት ልብስ ተኳሽ ናት። ልጇ ምን እንደነካት ስትጠይቀኝ ከፍታው ነው እያልኩ አልፋት ነበር። ቅዳሜ ሰኔ 3 ቀን ከሥራ ቦታዋ ሄጄ፣ ቆማ እየተኮሰች ሳለች፣ ሁሉንም ነገርኳት። ካውያውን አቆመች። ከዚያ፣ «ለእኔ ቢነግሩኝ ምን ይጠቅማል፣ አባዬ? ለፈረዱባት ይንገሩ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ይህ ማመልከቻ የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።

13. አንድ ነገር ግልጽ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ጥፋቴን ማመኔ የጽሕፈት ቤቱን ጥፋት አይሰርዝም። በተሰጠን የፈቃድ ደብዳቤ መሠረት ገንዳው ውሃ ቢኖረው ኖሮ ስሕተቴ በመጀመሪያው ቀን፣ በመጀመሪያው ሃምሳ ሜትር፣ ልጅቷ ጠርዙን ይዛ እየሳቀች ሳለች ይታየኝ ነበር። አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ ሊታረም ይችል የነበረው ስሕተት የታየው በውድድሩ ቀን፣ በሰባተኛው መካከል ላይ ነው። ሁለት ጥፋት አለ፤ አንዱ የእናንተ፣ አንዱ የእኔ። ሁለታችንም ግን በእሷ ልብ ላይ ጽፈነዋል።

ስለዚህ በትሕትና የምጠይቀው፦

ሀ) ግንቦት 24 ቀን የተሰጠው እገዳ በአባሪ 4 የሕክምና ማስረጃ መሠረት ከሰኔ 23 ቀን በፊት እንዲሰረዝ፤

ለ) «የልብ ድካም» እና «የመርሳት ምልክት» የሚሉት ቃላት ከማኅደሯ እንዲወጡና በምትካቸው «በአሠልጣኟ የተሳሳተ የትንፋሽ መመሪያ ምክንያት» የሚለው እንዲገባ፤ ገንዳው ባዶ እንደነበር ማስገባት ወይም አለማስገባት ለሕሊናዎ እተወዋለሁ፤

ሐ) በውድድር መዝገብ ላይ የግድ የታገደ ሰው ስም መኖር ካለበት የእኔ ስም እንዲገባ። ከአሠልጣኝነት ራሴን ያነሣሁበትን ደብዳቤ አያይዣለሁ (አባሪ 5)። ቡድኑን ከልጆቹ ወላጆች አንዱ እንዲረከብ ተስማምተናል፤ ለተረካቢው የተውኩት የመጀመሪያ መመሪያም ማንኛውም ልጅ አየር አነሰኝ ሲል እንዲሰማ የሚል ነው፤

መ) ውሳኔው የሚገለጽበት ደብዳቤ ለእኔ ሳይሆን በቀጥታ ለእሷ እንዲጻፍ።

የመጨረሻው ጥያቄ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ልጅ ልጄ ይህን ማመልከቻ መጻፌን አታውቅም፤ ብታውቅ ኖሮ ቀድዳ ትጥለው ነበር። እስካሁን በእናንተ በኩል ስለ እሷ የነርሷ ወረቀት፣ የውድድሩ ሪፖርት፣ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤና የእገዳው ደብዳቤ ተጽፈዋል። አራቱንም አንብቤያቸዋለሁ። የእገዳው ደብዳቤ እንኳ የተላከው ለአሠልጣኟ ነው። ለእሷ የተጻፈ አንድም ወረቀት የለም።

ከታላቅ አክብሮትና ሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር፣
የዋናተኛዋ አያትና የቀድሞ አሠልጣኝ

ግልባጭ፦
ለዋናተኛዋ፣ ዛሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በእጅ የሚሰጥ